«ይቻላቸዋል»ን ፍለጋ

ኢጣልያንኛ መማር የጀመርኩት ዳንቴን በራሱ አንደበት ለማንበብ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጀመርኩት አንድ ግስ ፍለጋ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ነገር አለ፦ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በኢጣልያንኛው «ይገደዳሉ» ይል ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዓድዋ ሆነ። የአማርኛውን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የኢጣልያንኛውን ቃል ግን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። አንድ ጦርነት በአንድ ግስ ላይ ቆሟል ከተባለ፣ ያንን ግስ በዓይን ሳያዩ ማርጀት ቃል እወዳለሁ ለሚል ሰው ነውር መስሎ ታየኝ።

አስተማሪዬ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ አጎንብሰው የጨረሱ ጡረተኛ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ያኖሩት መጽሐፍ ሳይሆን በአራት ዓምድ የተሰመረ የሒሳብ ደብተር ነበር። «ስሞቹን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል» አሉኝ። «መኪና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፤ ስሞቹን ጥለውልን ሄደዋል። ግሶቹን ግን ይዘዋቸው ሄዱ። ስለዚህ እኛ ከግሱ እንጀምራለን።»

ይህ አባባላቸው ዛሬም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ከኢጣልያንኛ የወረስነው ሁሉ የሚነካ፣ የሚበላ ወይም የሚነዳ ነገር ነው። ስንሰነባበት የምንለዋት «ቻው» እንኳ ከግስ አልመጣችም፤ የቬኔሲያ ሰዎች «ባሪያህ ነኝ» ለማለት ይሏት ከነበረችው «ስኪያቮ» ከምትባል ስም ተሸርሽራ የቀረች ናት። በቀን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ባሪያህ ነኝ እንደምንል ልብ የሚል የለም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የሰፈረው «ኤሴሬ» ነበር፤ መሆን። ሶኖ፣ ሴይ፣ ኤ፣ ሲያሞ፣ ሲዬቴ፣ ሶኖ፦ ነኝ፣ ነህ፣ ነው፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው። በሚቀጥለው ዓምድ ኤሮ፣ ኤሪ፣ ኤራ። እስከዚህ ድረስ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ድንገት ፉይ፣ ፎስቲ፣ ፉ ይላል፤ ይህም ያለቀ የደቀቀ፣ የሩቅ ኀላፊ ነው። በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ስታቶ የሚል ተጽፏል። አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው አንድ ፊደል እንኳ የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የላቲን «ኤሴ» ከጥንት ጀምሮ የሁለት ግሶች ቅይጥ ነበር፤ የአሁኑን ከአንደኛው ሥር፣ የሩቅ ኀላፊውን ከሁለተኛው ይወስዳል። ከዚህም በላይ «ሆኖ» የሚያሰኝ የኀላፊ ቅጽል ጭራሽ አልነበረውም። ኢጣልያንኛ ይህን ጉድለት ለመሙላት «ስታሬ» ከሚለው፣ በጥንት ትርጉሙ መቆም ከነበረው ግስ «ስታቶ»ን ተበደረ። እናም አንድ ኢጣልያዊ «ደስተኛ ሆኜ ነበር» ሲል፣ በቃሉ ሥር «ደስተኛ ሆኜ ቆሜ ነበር» እያለ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ አንድ ግስ አይደለም፤ የሦስት ሰው ልብስ ደራርቦ የመጣ እንግዳ ነው» አልኳቸው።

«የአንተስ?» አሉኝ። «እስቲ ‹ነው› በል።»

«ነው።»

«ኀላፊውን።»

«ነበረ።»

«ትንቢቱን።»

«ይሆናል።»

«አፍራሹን።»

«አይደለም» አልኩና ዝም አልኩ። ነው፣ ነበረ፣ ሆነ፣ አይደለም። አራት ሰው ነው፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላየኋቸውም ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ ያፈነገጡ ግሶችን እንደ ጥፋት መመልከቴን ተውኩ። ግስ የሚያፈነግጠው የተናጋሪው ሰነፍነት አይደለም። እጅግ የሚዘወተሩት፣ ማለትም መሆን፣ መሄድ፣ መምጣት፣ ማለት፣ መቻል የሚባሉት፣ ሕፃን ሕጉን ሳያውቅ ከእናቱ አፍ ቀጥታ የሚቀበላቸው ስለሆኑ፣ ሕጉ ዘግይቶ ሲደርስ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። አልፎ አልፎ የሚነገር ግስ ግን የአባቶቹን ቅርጽ የሚያስታውስለት ስለሌለ ወደ ሕጉ ይገባል። «አንዳሬ»ን እንውሰድ፤ መሄድ ማለት ነው። ቫዶ፣ ቫይ፣ ቫ ብሎ ይጀምርና «እንሄዳለን» ላይ ሲደርስ አንዲያሞ፣ «ትሄዳላችሁ» ላይ አንዳቴ፣ ተመልሶ ደግሞ ቫኖ ይላል። «ቫ» የተባለው ወገን «ቫዴሬ» ከተባለ የላቲን ግስ የወረደ መሆኑ የታወቀ ነው። የ«አንድ» ወገን ግን ሥሩ የት እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሁለት ወንዞች በአንድ ቦይ ይፈሳሉ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊያስደንቀው አይገባም፤ እኛም «መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት» ብለን ስናበቃ ልጃችንን ስንጠራ «ና» እንላለን። «ና» ከ«መጣ» ጋር ምን ዝምድና አለው?

ከሁሉ የበለጠ ግን ልቤን የነካው የትንቢቱ ጊዜ ታሪክ ነው። በላቲን «እዘምራለሁ» ለማለት «ካንታቦ» ይባል ነበር። ይህ ቅርጽ ሮማ ከወደቀች በኋላ በሕዝቡ አንደበት ጠፋ። ሕዝቡ በምትኩ «ካንታሬ አቤዮ» ማለት ጀመረ፤ ቃል በቃል ስንፈታው «መዘመር አለኝ»። ሁለቱ ቃላት እየተጠጉ፣ እየተጣበቁ፣ በመጨረሻ «ካንቴሮ» ሆኑ። የዛሬው ኢጣልያዊ ነገን በተናገረ ቁጥር በቃሉ ጅራት ላይ «አለኝ» የሚል ግስ ተሸሽጎ ይከተለዋል። በጣም የተዘወተሩት ግሶችማ መሐላቸው ሳይቀር ተበልቷል፦ «አንዳሬ» አንድሮ፣ «ቬዴሬ» ቬድሮ፣ «ፖቴሬ» ፖትሮ፣ «ቬኒሬ» ቬሮ፣ «ቮሌሬ» ቮሮ ሆነዋል። እጅ የበዛበት ብር ጠርዙ እንደሚያልቅ ማለት ነው፤ ይህን በየቀኑ በቆጣሪው ፊት ስለማየው ነው ምሳሌ ያደረግኩት።

አሁን ደግሞ «ይሄዳል» የሚለውን ቃላችንን ልብ በሉ። «ይሄድ» አንድ ነገር ነው፤ ጅራቱ ላይ የተጣበቀው ደግሞ «አለ» ነው። «ሄዷል»ም እንዲሁ «ሄዶ አለ» ነበር። ሮማና ሸዋ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቤት ሠሩ፤ ማገሩም በኢጣልያ «መያዝ»፣ በእኛ «መኖር» ነው። ኢጣልያዊው ነገን በእጁ ይይዘዋል፤ እኛ ዘንድ ነገ ይኖራል። ይህን ያህል መመሰጥ ለሰዋስው ሰው ላይፈቀድ ይችላል፤ ለግጥም ወዳጅ ግን ይፈቀድለት።

ወደ ሩቅ ኀላፊው እንመለስ፤ ተማሪን የሚያስለቅሰው እሱ ነውና። «ስክሪቬሬ» መጻፍ ነው። ጻፍኩ፣ ጻፍክ፣ ጻፈ፣ ጻፍን፣ ጻፋችሁ፣ ጻፉ ለማለት፦ ስክሪሲ፣ ስክሪቬስቲ፣ ስክሪሴ፣ ስክሪቬሞ፣ ስክሪቬስቴ፣ ስክሪሴሮ። አንደኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው ያፈነግጣሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ሕግ ያከብራሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ የዘፈቀደ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ ግን የድምፅ ክብደት ነው። በላቲን «ስክሪፕሲ» ሲባል ክብደቱ በሥሩ ላይ ይወድቅ ነበር፤ «ስክሪፕሲስቲ» ሲባል ግን ወደ መድረሻው ይሸሻል። ክብደቱ ያረፈበት ሥር እንደ ተረገጠ አፈር ጠንክሮ ጥንታዊ ቅርጹን ጠበቀ፤ ክብደቱ የሸሸበት ግን ላላ፣ ከአሁኑ ጊዜ ሥር ጋር እንደገና ተሰፋ። ያው ነው በ«ፋሬ» (ማድረግ) ፌቺ፣ ፋቼስቲ፣ ፌቼ፤ ያው ነው በ«ዲሬ» (ማለት) ዲሲ፣ ዲቼስቲ፣ ዲሴ። እንግዲህ ተማሪ የሚሸመድደው ሰንጠረዥ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ድምፁን የት ላይ እንዳነሣና የት ላይ እንደጣለ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

በ«ስክሪሲ» ውስጥ ያለው «ሲ» ጠብቆ እንደሚነበብ ጋሼ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ማጥበቅና ማላላት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ «ይበላል» ላልቶ የሚበላው ሰው ነው፣ ጠብቆ የሚበላው እንጀራው ነው። ኢጣልያንኛ ግን በዚህ መንገድ የግሱን ስሜት እስከ መለወጥ ይደርሳል። «ቬድሬሞ» «ሞ» ላልታ «እናያለን» ነው፤ ጠብቃ «ባየን ነበር» ይሆናል። እነሱ በጽሕፈት ፊደሏን ደርበው ይለዩአታል። የእኛ ፊደል ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኢጣልያንኛ ተስፋንና ጸጸትን መለየት አይችልም።

ይህን ሁሉ ቅርጽ አንድ ያደረገው ማነው? ንጉሥ አይደለም፤ ንጉሥ አልነበራቸውምና። ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ፍሎረንስ አነጋገር ትንሽ ሰዋስው ጻፈ። በ1516 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው) ፎርቱኒዮ የተባለ ሰው የመጀመሪያውን የታተመ ሰዋስው አንኮና ላይ አወጣ። በ1525 ደግሞ ፒዬትሮ ቤምቦ ስለ ሕዝቡ ቋንቋ የጻፈውን ታላቅ ድርሰት ቬኔሲያ ላይ አሳትሞ፣ ለግጥም ፔትራርካን፣ ለስድ ንባብ ቦካቾን አብነት አድርጉ ብሎ ፈረደ። ቤምቦ የቬኔሲያ ሰው ነበር፤ የቶስካናን ቋንቋ የተማረው ከመጻሕፍት ነው። የሞቱ ባለቅኔዎች ያረቡትን ግስ ለሕያዋን ሕግ ያደረገ ቋንቋ ነው እንግዲህ ኢጣልያንኛ። የእኛ የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ባዕድ መጣ፤ ሚላኖስ የተወለደው አሌሳንድሮ ማንዞኒ። «እጮኛሞቹ» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለዱን በ1827 አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ ወደ ፍሎረንስ ሄዶ ሕያዋኑ ሲናገሩ ሰማ፤ መጽሐፉንም እንደገና ከዳር እስከ ዳር አርሞ ከ1840 እስከ 1842 አሳተመው። ካረማቸው ነገሮች አንዷ ትንሽ ናት። «እኔ ነበረኝ» ለማለት የቀድሞ ደራስያን «አቬቫ» ይሉ ነበር፤ ከላቲኑ «አቤባም» የወረደ ነውና። ነገር ግን «እሱ ነበረው»ም «አቬቫ» ነው። ፍሎረንሳውያን ይህን መደበላለቅ ለማስቀረት የአሁኑን ጊዜ «ኦ» ወስደው ለራሳቸው «አቬቮ» ማለት ጀምረው ነበር። ማንዞኒ መጽሐፉን በሙሉ በዚህ መንገድ አረመው። በአንዲት ፊደል «እኔ» ከ«እሱ» ተለየ። ጥንታዊውን የተከተለው ቤምቦ ነበር፤ ያሸነፈው ግን ገበያ የወጣችው ፍሎረንሳዊት ናት።

ኢጣልያ አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። በዚያን ዓመት ይህን ቋንቋ የሚናገረው ከሕዝቡ ስንት እጅ ነበር? የቋንቋ ታሪክ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ከመቶ 2.5 ያህል ነው ብሎ ገመተ። አሪጎ ካስቴላኒ የቶስካናን ሰዎች ጨምሮ ወደ 10 ከፍ አደረገው። የትኛውም ቢሆን ጥቂት ነው። በ1896 ዓድዋ ተራሮች ሥር ከወደቁት ወታደሮች አብዛኞቹ እናታቸውን የጠሩት በሲሲሊያ፣ በናፖሊ፣ በፒዬሞንቴ አንደበት እንጂ በማንዞኒ ኢጣልያንኛ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም። ያ የተስተካከለ፣ የታረመ ግስ የሚገኘው በመጽሐፍና በመንግሥት ወረቀት ላይ ነበር። ወደ ወረቀቱ የምመጣው አሁን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ «ዘንድ» አንድ ነገር ልበል።

በግዕዝ ሰዋስው ትምህርት ግስ የሚረባው በኀላፊ፣ በትንቢት፣ በዘንድና በትእዛዝ ነው። ዘንድ ማለት ገና ያልሆነው፣ የሚፈለገው፣ የሚፈራው፣ በሌላ ግስ ጥላ ሥር የሚኖረው ነው። ኢጣልያንኛም የራሱ ዘንድ አለው። «ኤ» ነው ከሆነ፣ «ሲያ» ይሁን ነው፤ «ቫ» ይሄዳል ከሆነ፣ «ቫዳ» ይሂድ ነው። ኢጣልያዊ ለማያውቀው ሰው ሲናገር «እሷ» ብሎ በሦስተኛ መደብ ያከብረዋል፤ ይህም «ሌይ» ይባላል። በዚህ አክብሮት ሲያዝ ትእዛዙን ትቶ ዘንዱን ይጠቀማል፦ ቬንጋ፣ ይምጡ፤ ዲካ፣ ይበሉ፤ ፋቻ፣ ያድርጉ። ይህን ስማር ምንም አልከበደኝም። እኛም ታላቅን ሰው «ና» አንልም፤ «ይምጡ» ብለን በዘንዱ እንለምናለን። ሁለቱም ቋንቋ ትልቅ ሰውን ማዘዝ አይደፍርም፤ ይመኝለታል።

የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 ይህን «ሌይ» የሎሌ ልማድ ነው ብሎ ከለከለ፤ በምትኩ «እናንተ» የሚለው «ቮይ» ታዘዘ። በዚያው ዓመት «ሌይ» የተባለ የሴቶች መጽሔት ስሙን «አናቤላ» ብሎ እስከ መለወጥ ደረሰ። አዲስ አበባ በጣልያን እጅ በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ሮማ ላይ ያለው ሹም ጎረቤቱን «ይምጡ» የሚልበትን ግስ ይቆጣጠር ነበር። ጋሼ ግን በልጅነታቸው ከሠፈሩ ጣልያኖች የሰሙት ሌላ ነበር፤ ለአበሻ ሲሆን ግሱ ጭራሽ አይረባም። አርእስቱን እንዳለ ይወረውሩታል፦ አንተ መምጣት፣ አንተ መሥራት፣ አንተ መሄድ። ዘንዱም፣ ጊዜውም፣ መደቡም የለም። «ቋንቋቸውን የተማርኩት ያን የቀረውን ላገኝ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውጫሌ ላይ የተፈራረሙት ውል 20 አንቀጾች አሉት። የኢጣልያንኛውን አንቀጽ 17 በመጨረሻ ባገኘሁት ጊዜ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። «ይገደዳሉ» የሚል ቃል የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱ «ኮንሴንቴ ዲ ሴርቪርሲ» ይላል፤ በኢጣልያ ንጉሥ መንግሥት ለመገልገል ይስማማሉ፣ ይፈቅዳሉ። በምን ጉዳይ? ከሌሎች መንግሥታት ጋር «አቬሴ»፣ ማለትም ሊኖሯቸው በሚችሉ ጉዳዮች ሁሉ።

ለረጅም ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲያዩት እንዴት ለስላሳ ነው! ማስገደድ የለ፣ ማዘዝ የለ። «ኮንሴንቴ» ሕግ አክባሪ ግስ ነው፤ አያፈነግጥም። ግን የቆመው በተራ የአሁን ጊዜ ላይ ነው። እኔ ቀን ቀን የማነበው የብድር ውል ነው፤ በብድር ውል ውስጥ «ተበዳሪው በየወሩ ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ትንቢት እንዳልሆነ አውቃለሁ። «መክፈል አለበት» አይልም፤ «ይከፍላል» ብቻ ነው የሚለው፤ ይበቃልም። በውል ቋንቋ የተራ አሁን ጊዜ ከትእዛዝ ይጠብቃል፤ የፈረመው ሰው ራሱ የተናገረው ነውና። «ይስማማሉ» ተብሎ ከተፈረመ፣ ስምምነቱ በዚያች ቅጽበት ተሰጥቷል፤ ነገ የሚሰጥ ወይም የሚነሣ አይደለም።

ዘንዱስ? ዘንዱ አለ፤ «አቬሴ» ከ«አቬሬ» የመጣ የዘንድ ኀላፊ ነው። ግን የት ላይ እንደቆመ ተመልከቱ። ጥርጣሬው የወደቀው በጉዳዮቹ ላይ ነው፤ ይኖሩ ይሆናል፣ አይኖሩም ይሆናል። በንጉሡ ፈቃድ ላይ ግን አንዲት የጥርጣሬ ፊደል አልወደቀችም። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ «ቢሻቸው» የሚያሰኘውን በር የከፈተው በፈቃዱ ላይ ነው። «ይቻላቸዋል» ለማለት ኢጣልያንኛ የሚፈልገው ግስ «ፖቴሬ» ነበር፤ መቻል። ፖሶ፣ ፕዎይ፣ ፕዎ፣ ፖሲያሞ፣ ፖቴቴ፣ ፖሶኖ። ካፈነገጡት ሁሉ እጅግ ከሚዘወተሩት አንዱ፣ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣ አንቶኔሊም በቀን መቶ ጊዜ የሚለው። «ፖትራ ሴርቪርሲ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሁለቱ ጽሑፎች ይገጥሙ ነበር። ስፈልገው የነበረው ግስ እዚያ የለም። የውሉ ነገር ያለው በተጻፈው ግስ ብቻ ሳይሆን በቀረው ግስ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቀው አንቀጽ 19 ነው። ውሉ በኢጣልያንኛና በአማርኛ መጻፉን፣ ሁለቱም ፍጹም የሚስማሙና እኩል የሚታመኑ መሆናቸውን ይናገራል። ሁለት አንቀጽ ብቻ ወረድ ብሎ!

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ጥቅምት 11 ቀን 1889 የክሪስፒ መንግሥት በአንቀጽ 17 መሠረት ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር መሆኗን ለኃያላኑ አስታወቀ። ምኒልክ በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይስማሙ አመለከቱ። አንቶኔሊ ሊያስታርቅ ተመልሶ መጣ፤ በየካቲት 1891 የፈረመበት የአማርኛ ጽሑፍ ግን አንቀጽ 17 መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ተገኘና ተቆጥቶ ሄደ። በዚህ ጊዜ ግሱን ሳያጣራ የፈረመው እሱ ነበር። ምኒልክ ውሉን በ1893 አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1896 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሻረ።

ስሕተቱ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በአስተርጓሚ ድካም? ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን በ1964 ሁለቱን ጽሑፎች አነጻጽሮ ጣቱን ወደ አንቶኔሊ አዞረ፤ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ አልተቀበለውም። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ «ይቻላቸዋል»ን ወደ «ፖቴሬ» መመለስ ለጀማሪ ተማሪ እንኳ አያስቸግርም። የሚያስቸግር ቅርጽ ቢሆን ኖሮ፣ ሩቅ ኀላፊ ወይም የተጠማዘዘ ዘንድ ቢሆን ኖሮ፣ ተርጓሚውን አዝንለት ነበር።

ከዓድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህን የግስ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያውቅ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ «ጦቢያ»ን በ1908 ሮማ ላይ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። በናፖሊ አማርኛ ያስተምር ነበር። የአማርኛ ሰዋስው በኢጣልያንኛ በ1905 አወጣ፤ በ1911 ደግሞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ስለ አማርኛ ግስ ብቻ ጻፈ፣ ርእሱም «ኢል ቬርቦ አማሪኮ» ነው። የሁለቱን ቋንቋ እርባታ ጎን ለጎን አሰልፎ ያየ ሰው ነው። በኋላ ዘመን የወገነው ከወራሪው ጋር መሆኑን ሳስብ፣ ግስን ማወቅ ሰውን የት እንደሚያደርሰው እርግጠኛ መሆን ያቅተኛል። ልብ ወለዱን ግን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

የ«ፖቴሬ»ን ገጽ ከጋሼ ጋር የሞላነው በአንድ የክረምት ምሽት ነበር። ከስምንቱ የግዕዝ አርእስተ ግስ በአንዳንድ መምህራን ቁጥር አንዱ «ክህለ» መሆኑን፣ ማለትም መቻል በእኛ ዘንድ ሌሎች ግሶች እንደ ሠራዊት የሚከተሉት አለቃ መሆኑን አጫወትኳቸው፤ እሳቸውም በኢጣልያንኛ «ኢል ፖቴሬ» ስም ሲሆን ሥልጣን ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። አሁኑን ጻፍን። ያላለቀውን ኀላፊ ጻፍን፣ ፖቴቮ። ትንቢቱን፣ ፖትሮ። ዘንዱን፣ ፖሳ። ወደ መጨረሻው ዓምድ፣ ወደ ትእዛዙ ስንደርስ ጋሼ ብዕራቸውን አነሡና ዓምዱ ላይ ረጅም ሰረዝ አሰመሩበት።

«ምነው?» አልኳቸው።

«የለውም» አሉኝ። «ሰውን ቻል ብሎ ማዘዝ አይቻልም።»

«በአማርኛ ይቻላል እኮ፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «አዎን» አሉ፤ «በአማርኛ ‹ቻለው› እንላለን። ግን ያን ጊዜ ትርጉሙ ታገሠው ነው።» ደብተሩን ዘግተው ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ አስቀዱልኝ።